የታጁራው ጉድጓድ

ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ በረንዳ ላይ፣ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ቆሜ ባና እየረገጥኩ ነው። ሳፋው ውስጥ ለብ ያለ ውሃና ሁለት እፍኝ ጨው አለ። ባና ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመን የእኛ አገር ብርድ ልብስ ነው፤ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ልል ስለሆነ፣ በሞቀ ውሃ እየራሰ በእግር ካልተረገጠ ብርዱን እንደ ወንፊት ያሳልፈዋል። ይህንን ያልተረገጠውን ከመዘዞ ገበያ ነው ያስመጣሁት። ፋብሪካው በየቀለሙ የሚያወጣው ብርድ ልብስ በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ እያለ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት የበረንዳ ብረት ይዛ ሱፍ ስትረግጥ ያየ ባጃጅ ነጂ ሁሉ አንገቱን እያዞረ ያልፋል። ይዙር።

«እማዬ፣ ሐኪሙ አርፈሽ ተቀመጪ አላለሽም?» አለችኝ ልጄ መሠረት፣ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ።

«ቀስ እያልሽ ተንቀሳቀሺ ነው ያለኝ።»

«ሳፋ ውስጥ ገብተሽ ግን አላለሽም።»

«እሱን እኔ ጨመርኩበት።»

በክረምቱ ከባጃጅ ስወርድ ጭቃ አንሸራትቶኝ ጉልበቴ ተሰበረ። ጄሶው ከተፈታ ወር አልፎታል፤ እግሬ ግን የራሴ አልመስል ብሎኛል። የባለቤቴ የታደሰ ሰባተኛ ሙት ዓመት ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የተቀበረው አንኮበር ነው፤ መኪና ከሚቆምበት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ዳገት ያየ ያውቀዋል፣ ፍየል እንኳ መሀል ላይ ቆማ የምትተነፍስበት ነው። ልጆቼ ተመካክረው ወንበር ላይ አስቀምጠው ሊሸከሙኝ ወስነዋል። «ሬሳ ነኝ እንዴ የምትሸከሙኝ?» አልኳቸው። በእግሬ እወጣለሁ ብያለሁ። ይህንንም ባና ለብሼ እወጣለሁ ብያለሁ። መሠረት ግትርነቴን ለጎረቤት ትናገራለች፤ ከየት እንዳመጣሁት ግን አታውቅም፤ እሷ ገና አልተወለደችም ነበር።

እርጥብ የበግ ጠጉርና ጨው አብረው ሲሞቁ አንድ ሽታ ያወጣሉ። ለሌላ ሰው የእርጥብ በግ ሽታ ነው። ለእኔ የባሕር ሽታ ነው። ዛሬ ጠዋት ውሃው እንደሞቀ ሽታው ሲነሳ፣ በረንዳው፣ ባጃጁ፣ የመሠረት ንዝንዝ ሁሉ ጠፋና ታጁራ ገባሁ።

ታደሰን ያገባሁት ደብረ ሲና ላይ ቆሎ በስሙኒ ሁለት ኪስ በሚሞላበት ዘመን ነው። ዓመተ ምሕረቱን ልጆቼ ያስሉት። እኔ የማስታውሰው ሹፌሮቹ ፀጉራቸውን ጎፈሬ አድርገው፣ ከጉልበት በታች የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ የሸሚዛቸውን ኮሌታ ከኮታቸው በላይ አውጥተው፣ መኪናቸውን ካቆሙበት እስከ ሻይ ቤቱ ያለችውን ሃያ እርምጃ እንደ ሙሽራ ይራመዷት እንደነበር ነው። እኔ ከአንኮበር መጥቼ አክስቴ ጋር ሆኜ መንገድ ዳር ዳቦ እሸጥ ነበር። የታደሰ መኪና ባለ ተሳቢ ነበረች፤ ገና ቁልቁለቱን ስትወርድ የካሴቷ ዘፈን ከሞተሯ ድምፅ ቀድሞ ይሰማ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ያልራበውን ዳቦ ገዛኝ። በአራተኛው ወር አክስቴ «ይህ ልጅ ወይ ያግባሽ ወይ ዳቦ ቤት ይክፈት» አለች።

ከተጋባን በኋላ ነው የሸማኔ ልጅ መሆኑን የነገረኝ። እንደ ትልቅ ነውር አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። አባቱ አንኮበር ውስጥ ባናና በርኖስ የሚሠሩ የታወቁ ሰው ነበሩ፤ በርኖስ እንኳ ለከበርቴው ትከሻ የሚሆን ካባ ነው። ለባሹ ይከበራል፣ የሠራው ይናቃል። ሸማኔ መሬት ተቆፍሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጥና እግሩን ወደ ታች ሰዶ መርገጫውን እየረገጠ ነው የሚሠራው። ታደሰ ልጅ ሳለ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እግሩ ሲወዛወዝ ያዩ እኩዮቹ ሰድበውታል፣ አንድ ጊዜም አፈር ደፍተውበታል። «እግሬን ሁለተኛ ጉድጓድ ውስጥ አልከትም ብዬ ምያለሁ» አለኝ። ስለዚህ ነዳጅና ፍሬን ረገጠ። እኔም ከአክስቴ ቤት ሱፍ መፍተል ተምሬ ስለነበር እንዝርቴን ሲያይ ፊቱ ይጠቁር ነበር፤ እሱ መንገድ ሲወጣ እፈትላለሁ፣ ሲመጣ እደብቃለሁ።

አንድ ጥቅምት፣ የታደሰ ጓደኛ ሹፌሩ ሽፈራው ብቻውን አንኮበር ቤታችን መጣ። ከመኪናው ሳይወርድ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ገባኝ።

«አልሞተም» አለ ቶሎ ብሎ። «ጅቡቲ ወደብ ጭነት ተንዶ እግሩ ላይ ወደቀ። ሐኪም ቤት ነው። አጥንቱን በብረት አያይዘውለታል።»

«ውሰደኝ» አልኩት።

ወረቀቱን እንዴት እንደጨረሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ሻንጣዬን ይዤ መኪናው ላይ ወጣሁ። ሻንጣው ውስጥ ምን ነበር? የታደሰ አባት በሞት ሲለዩ የተዉትና ገና ያልተረገጠ አንድ በርኖስ፣ አንድ ወፍራም ባና፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ፣ እንዝርቴና አንድ ከረጢት ሱፍ። የአንኮበር ሰው ነኝ፤ ታማሚ ማለት ብርድ እንዳይመታው የሚሸፈን ሰው ማለት ነው። ሩቅ አገር ማለት ደግሞ ከጣርማበር የባሰ ብርድ ያለበት ነው ብዬ ነበር። ሽፈራው ሻንጣውን ከፍቶ አየና ከንፈሩን ነከሰ።

«እህቴ፣ ይህንን እዚያ ስታወጪው ሰዉ ይታመማል» አለኝ። ግን አላስጣለኝም፤ ደግ ሰው ነበር።

ቁልቁለቱን ስንወርድ በየአገሩ አንድ አንድ ልብስ አወለቅኩ። ደብረ ሲና ላይ ጋቢዬን፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራቤን፣ ሚሌ ላይ የራስ ሻሼን። ከሚሌ ወዲያ የሚወልቅ ስላልቀረኝ ዝም ብዬ ላቤን ጠረግኩ።

ታደሰን ሳየው ግማሽ ሆኖ ነበር። እግሩን ከጉልበት በታች ሰንጥቀው ብረት አስገብተውበታል። ሐኪሙ፣ ብረቱ እስኪወጣ ድረስ አንድ ዓመት ያህል ሩቅ መንገድ እንዳይሄድ፣ ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ግን በየቀኑ እንዲቆምና እንዲራመድ፣ አለዚያ እግሩ ተኮማትሮ እንደሚቀር ተናገረ። ጭነቱ ሲናድ ጎትቶ ያወጣው አሊ የሚባል የታጁራ ሰው ነበር፤ የበረዶ ቤት ሠራተኛ ነው፣ የዓሣ በረዶ ሊያደርስ መጥቶ ነበር። «ከተማው ለእናንተ ውድ ነው» አለን አሊ። «ታጁራ እህቴ ዘንድ ክፍል አለ። ባሕሩም ለአጥንት ጥሩ ነው።» በጀልባ ተሻገርን። መኪና እንጂ ጀልባ አይቼ አላውቅም፤ መንገዱን ሙሉ የማርያምን ስም ስጠራ አንድ አሣ አጥማጅ ሐብሐብ ቆርሶ ሰጥቶ ዝም አሰኘኝ።

ታጁራ ነጫጭ ቤቶች ያሏት ትንሽ ከተማ ናት። ከፊቷ ባሕር፣ ከኋላዋ ተራራ። ተራራውን ሳይ ልቤ ትንሽ ተመለሰ፤ የሚደገፉት ነገር ያለው አገር አይጥልም። የአሊ ታላቅ እህት ሐሊማም እንደ ወንድሟ በልጅነቷ ባቲ ገበያ ያደገች በመሆኗ አማርኛ ትችላለች። ሰፊ ትከሻ፣ ትንሽ ሳቅ ያላት ሴት ናት። ሻንጣዬን ስፈታ ቆማ አየች። በርኖሱን በሁለት ጣቷ አንስታ፣ «ይኸ ምንድን ነው፣ የኔ እህት?» አለችኝ።

«ለብርድ ነው፣ እትዬ ሐሊማ።»

«ብርድ» አለችና ቃሉን እንደምትቀምሰው ቆየች። «ወላሂ፣ ካገኘሽው ለኛም ጥሪን።»

አባቷ ዓይናቸው የጠፋ አዛውንት ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ በገመድ አልጋ ላይ ይቀመጣሉ። ሐሊማ ልታስቃቸው በርኖሱን ጉልበታቸው ላይ ጣለችው። አልሳቁም። ረጅም ጊዜ ዳሰሱት፣ ጫፉን አሸተቱት፣ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ሐሊማ ወደ እኔ ዞረች፤ «አንኮበር ይላሉ» አለችኝ። «አያታቸው ግመል እየነዱ አንኮበር ይወጡ ነበር። ሲመለሱ እንዲህ ያለ አምጥተው ነበር። ልጆች ሆነው ሥሩ ይደበቁ ነበር።» እኔ ከዓለም ዳር የደረስኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰዎቹ አገሬን ያውቁታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በታጁራ ስሜ «አንኮበር» ሆነ። ባለሱቁም፣ ውሃ ሻጩም «አንኮበር፣ ደህና አደርሽ» ይሉኝ ነበር።

ቤት መልመድ ማለት መጀመሪያ ቀሚስ መልመድ ነው። ያ የሐበሻ ቀሚሴ በሁለት ቀን ከጀርባዬ ጋር ተጣበቀ፤ ሐሊማ ነፋስ የሚያስገባ ስስ ቀሚስ አለበሰችኝ፣ መጀመሪያ ራቁቴን የወጣሁ መስሎኝ በግንብ ጥግ ጥግ ሄድኩ። እኩለ ቀን ላይ ሰው ሁሉ ይተኛል፤ እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ ልብስ አጥቤ ራሴን ስቼ ከወደቅኩ በኋላ መተኛት ተማርኩ። አሣ ማረድ ተማርኩ። በጋለ ምድጃ ግድግዳ ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ የሚጠበስ አሣ በስስ ቂጣ ይበሉ ነበር፤ በመጀመሪያው ወር ዓይኑ እያየኝ እንዴት እበላለሁ አልኩ፣ በሦስተኛው ወር ጭንቅላቱ የማን ነው ብዬ ተጣላሁ። ገበያ ስሄድ ቁጥራቸውን በጣት፣ ከዚያ በአፍ ቆጠርኩ። ባሕሩን ግን ለብዙ ጊዜ አላመንኩትም። ማታ ማታ ትንሽ ይርቃል፣ ጠዋት ይጠጋል። አንድ ቦታ የማይቀመጥ ውሃ ጎረቤት አይሆንም እል ነበር።

ታደሰ ምንም አልለመደም። ቁስሉ ደረቀ፣ እግሩን ግን መሬት አላስነካም። ግድግዳ እያየ ይውላል። ያ ኮሌታ የሚያወጣ ሰው ሸሚዙን ሳይቆልፍ ይውላል። እለምነዋለሁ፣ እቆጣዋለሁ፤ «ያማል» ይላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ግድግዳውን እያየ እንዲህ አለኝ፦

«ብርቄ፣ ሽፈራው ሲመጣ አብረሽው ሂጂ።»

«አንተስ?»

«እኔ ባንድ እግር እየጎተትኩ አንኮበር አልገባም። የሸማኔ ልጅ ሹፌር ሊሆን ሄዶ አንካሳ ሆኖ መጣ እንዲሉኝ ነው? እዚሁ እቀራለሁ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ሌላ ሕይወት አለሽ።»

የተናገረው እንደ ጅራፍ አቃጠለኝ። ሳላለቅስ የቀረሁት ንዴቴ ስለቀደመ ብቻ ነው። «ስማ» አልኩት። «አልሄድም። በሁለት እግርህ ቆመህ አገርህ ስትገባ ሳላይ አንዲት እንባ አላወጣም፣ ማርያምን። ከፈለግህ እየጠላኸኝ ትራመዳለህ።» መሐላ የማይወድ ሰው ነበርና ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ፤ ያለቅሳል ተብሎ የሚታወቅ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ።

የሽመናውን ነገር ያሰብኩት በዚያው ሳምንት ነው። ሥራ የሌለው ሰው እግር ለምን ይቆማል? እግሩን ሊያዝዝ የሚችል ሥራ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ለሽፈራው መልእክት ላክሁለት፤ ከመዘዞ ሁለት ጆንያ ሱፍ፣ ከታደሰ አባት ቤት መርገጫውንና መወርወሪያውን ይዞ መጣ። እቃውን ስንፈታ ታደሰ አልጋው ላይ ቀና አለ። ፊቱ እንደዚያ ሲገረጣ አይቼ አላውቅም።

«ከዚያ ጉድጓድ ሸሽቼ ባሕር ደረስኩ» አለ። «ጉድጓዱን ተሸክመሽ ተከተልሽኝ?»

«አዎ» አልኩት።

ሌላ ምን እላለሁ? እውነቱ ያው ነው።

ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። በአራተኛው ቀን እኔና ሽፈራው ለመሸመኛው ጉድጓድ ቦታ መረጥን። አፈሩ ለስላሳ፣ ከቤታችን በታች፣ ነፋሻ፣ ከባሕሩ ሠላሳ እርምጃ ይርቃል። የእኛ አገር ሸማኔ ቤቱን ሲሠራ ድንጋይ ስለሚያስቸግረው አፈር ሲያገኝ ይደሰታል፤ እኛም ተደሰትን። ሲቆፈር እንደ ጤፍ ዱቄት ነው። ታደሰ ከደጃፉ ተቀምጦ፣ ሳይወድ፣ «በዚያ በኩል አታጥብበው፣ ጉልበት አያስገባም» እያለ ማዘዝ ጀመረ። እንደ አባቱ ልኩን በክንዱ አስለካን። ሐሊማ በእጇ የአሣ ቢላዋ ይዛ መጥታ ቆመች።

«ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ለሥራ ነው፣ እትዬ ሐሊማ።»

ወደ ባሕሩ አየች። «እሺ» አለችና ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ስንነሳ ጉድጓዱ እስከ ግማሹ ውሃ ሞልቶ፣ ውስጡ አንድ ትንሽ ሸርጣን እየዞረ ነበር። ሽፈራው ራሱን ያዘ። እኔ ዝናብ ሳይዘንብ ውሃ ከየት መጣ ብዬ ሰማይ አየሁ። ሐሊማ መጣች፤ ስታየን የነበረች ትመስላለች።

«ባሕሩ ከፊት ብቻ ነው የሚመጣ መሰለሽ እንዴ?» አለችኝ። «ከሥርም ይመጣል።»

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽን?»

«ለሥራ ነው አላችሁኝ። ሐበሻ ውሃ ውስጥ የሚሠራው ሥራ አለው ብዬ።»

ያን ጊዜ ከኋላችን አንድ ድምፅ ሰማን። ታደሰ ነው። ደጃፉ ላይ ባወጣንለት አልጋ ሆኖ እየሳቀ ነው። አምስት ወር ሙሉ ያልሰማሁትን ያንን የሹፌር ሳቁን፣ እንባው እስኪፈስ፣ አልጋውን እየመታ ይስቃል። «ያባቴን ጉድጓድ ባሕር ሞላው» ይላል፣ ይስቃል። «ልጆቹ አፈር ደፉበት፣ ባሕሩ ውሃ ደፋበት!» ሽፈራውም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ሲያበቃ፣ ማንም ሳይነካው፣ በቂጡ እየተንፏቀቀ መጥቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ። ሸርጣኑን በእጁ አውጥቶ ጣለ። ከዚያ መጀመሪያ ደህና እግሩን፣ ቀጥሎ የታመመውን ቀስ አድርጎ ውሃው ውስጥ ከተተ።

«ሞቃት ነው» አለ።

እኔ ሮጬ ገባሁና ያንን ያልተረገጠ የአባቱን በርኖስ አምጥቼ ከእግሩ ሥር ጣልኩት። የሸማኔ ልጅ ነው፤ እርጥብ ሱፍ ከእግሩ ሥር ሲገባ እግሩ ከራሱ ቀድሞ አወቀው። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ግራው የታመመው ነው፤ ሲነካ ጥርሱን ነከሰ። ዐሥር ጊዜ ረግጦ ላብ አጠመቀው።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሆነ። መጀመሪያ ተቀምጦ፣ በሳምንቱ በእኔና በሽፈራው ትከሻ ተንጠልጥሎ፣ ሽፈራው ሲሄድ በአሊ ትከሻ፣ ከዚያም ጉድጓዱ ዳር በተከልንለት የጀልባ እንጨት። ውሃው ክብደቱን ያቀልለታል፣ ሱፉ ሥራ ይሰጠዋል። አባቱ ሲረግጡ የሚያንጎራጉሯትን ትዝ ብላው ጀመራት፦

«እግሬ ሆይ በርታልኝ፣ ሱፉን እርገጥልኝ፣
የጣርማበርን ብርድ ከደጅ መልስልኝ።»

አሣ አጥማጆቹ ሊያዩት ይመጡ ነበር። በዚያ ሙቀት ቆሞ ብርድ መልስልኝ የሚል ሰው ማየት ለእነሱ ትልቅ ጨዋታ ነበር። አንዳንድ ቀን ያመውና «ዛሬስ ይቅር» ይላል፤ እኔ ደግሞ «እሺ» እልና ቀሚሴን ሰብስቤ ራሴ ገብቼ እረግጣለሁ፤ ሴት እንደዚያ ስትረግጥ ማየት አይችልምና «ውጪ፣ አበላሸሽው» ብሎ ይገባል።

በርኖስ መጠንከሩ የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ አራቱ ጫፍ ይያዝና መሀሉ ላይ ውሃ ይፈስበታል። ውሃው ከሥር ካልወረደ አልቋል። በወሩ እኔ፣ ሐሊማና አሊ ጫፍ ጫፉን ያዝን፣ ታደሰ በእንጨቱ ተደግፎ አራተኛውን ጫፍ በአንድ እጁ፣ ጣሳውን በሌላው ይዞ አፈሰሰ። ከሥር አንድ ጠብታ ወረደች፣ ቀጥላ ሌላ። ሐሊማ፣ «ለአንድ ጠብታ ነው? አልቋል፣ አልሐምዱሊላህ በል» አለችው።

«ገና ነው» አለና፣ ማንም ሳይለምነው፣ ሳይቆጣው፣ ራሱ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ይራመዳል አልኩ በልቤ።

በርኖሱ አልቆ ሲሰጣ አሊ ከሥራ ሲመለስ አየው። የበረዶ ቤት ሠራተኛ መሆኑን ተናግሬያለሁ፤ ግን ውጭው ምድጃ ሆኖ እነሱ ውስጥ ሆነው ጥርሳቸው እንደሚንቀጫቀጭ አስቤው አላውቅም። ጆንያ ለብሰው ነበር የሚሠሩት። አሊ በርኖሱን ደርቦ በረዶ ቤት ገባ፤ ወጥቶ «ለስድስታችንም ሥሩልን» አለ። እንግዲህ ያንን ያህል ሰው የሳቀበት ሻንጣዬ፣ በዚያ የእሳት አገር ውስጥ የሚበርዳቸውን ስድስት ሰዎች ፈልጎ አገኘ። ለመሸመኛው ከከተማው በላይ፣ የተራራው እግር ድንጋያማ ቦታ ላይ አዲስ ጉድጓድ ቆፈርን፤ በዚህ ጊዜ አስቀድመን ሐሊማን ጠየቅን። እኔ ፈተልኩ፣ ታደሰ ሸመነ፣ የታችኛው ጉድጓድ መርገጫ ሆነ። ያ እግሬን ጉድጓድ አልከትም ብሎ የማለ ሰው ሁለት ጉድጓድ ነበረው።

ከአሥራ አራት ወር በኋላ ብረቱ ወጣ። ሐኪሙ ቀኝ ግራ አስኬደው፣ ፎቶውን አየ፣ «ምን አደረግህ?» አለው። ታደሰ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ «የአባቴን ሥራ» አለ። ይህቺን ቃል ሰምቼም አላለቀስኩም፤ ገና አገሩ አልገባም።

ስንሄድ ያንን የመጀመሪያውን በርኖስ የሐሊማ አባት ጉልበት ላይ ተውነው። ሳይዳስሱት ከሽታው አወቁት። ሐሊማ አንድ ቋጠሮ ጨው ሰጠችኝ። «አንኮበር ስትገቢ፣ ከታጁራ ነው በያቸው» አለችኝ፤ ትከሻዬን ያዘች። «ጉድጓዱንስ ልድፈነው?» ስትለኝ፣ «ባሕሩ ራሱ ይድፈነው» አልኳት። ኋላ ሽፈራው ሲያልፍ ልጆች ይዋኙበታል ብሎ ነግሮናል። ከዚያ ወዲያ ሐሊማን አላየኋትም። ብዙ ጊዜ አስታውሳታለሁ፤ መልካም ሰው እንዲህ ተለይቶ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሽፈራው በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ አመጣን። በየአገሩ ያወለቅኩትን መልሼ ለበስኩ፣ አልበቃኝም። በርኖሱም ባናውም ታጁራ ቀርተዋል፤ በርኖስ ይዘን ወደ ሙቀት ወርደን፣ ባዶ ትከሻ ይዘን ወደ ብርድ ወጣን። ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ዳገት ጨርሰን የጣርማበር ዋሻ አፍ ስንደርስ ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። ታደሰ፣ «አቁም» አለ።

«እዚህ አይቆምም» አለው ሽፈራው።

«አቁም ብዬሃለሁ።»

ወረደ። ስስ ሸሚዝ ለብሶ ነው፣ ኮሌታውን አወጣ። «በእግሬ ነው የምገባው» አለ። ሽፈራው መብራቱን አብርቶ ከኋላ ቀስ ብሎ ተከተለ፤ እኔ ወርጄ አጠገቡ ሄድኩ። ትከሻዬን ሰጠሁት፣ አልያዘም። የእግሩ ድምፅ ከዋሻው ግድግዳ እየተመለሰ ይሰማኛል፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ሁለቱም እኩል ናቸው። መሀል ላይ ስንደርስ እጄን ፈልጎ ያዘ። የደከመው መስሎኝ «ልደግፍህ?» አልኩት።

«እኔ አይደለሁም የምደገፈው» አለ። «አሁን አልቅሺ፣ ብርቄ። ቆሟል።»

አለቀስኩ። የአሥራ አራት ወሩን፣ የግድግዳውን፣ የሸርጣኑን፣ የሐሊማን፣ ሁሉንም አለቀስኩ፤ እሱም ሌላው ጫፍ እስክንወጣ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ዝም በይ አላለኝም። ከዚያ በኋላ በዚያ እግር አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ኖረ። አንኮበር የአባቱን ጉድጓድ አስጠርጎ ሸመነ፤ መኪና የነዳበትን ዘመን ሲጠይቁት «ያኔ ሥራ ፈት ነበርኩ» ይል ነበር።

ፀሐይዋ በረንዳው ላይ መጥታለች። መሠረት የሚሰጣ ልብስ ይዛ ወጣችና አየችኝ። ዓይኔን አይታ መሰለኝ ንዝንዙን ተወችው።

«እማዬ፣ በቃሽ። አልቋል።»

«በምን አወቅሽ?»

ከሳፋው ወጣሁ፤ ባናውን አውጥተን ጨምቀን፣ ሁለት ጫፍ ለእሷ፣ ሁለት ጫፍ ለእኔ ያዝን። የእሷን ጫፎች በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ውሃ ያለበት ጣሳ አንስታ መሀሉ ላይ አፈሰሰች። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ከሥር አየን። ረጅም ጊዜ ምንም የለም። መሠረት ፈገግ ልትል ስትል አንዲት ጠብታ ወረደች፣ በረንዳው ላይ ጠብ አለች።

«ገና ነው» አልኳትና፣ የበረንዳውን ብረት ሳልይዝ፣ እግሬን አንስቼ ሳፋው ውስጥ ገባሁ።